ፍርሃቱም ይታከማል

ሃርት አታክ መትቶት የተረፈ ሰው ከሆስፒታል ሲመለስ ቤቱ በጠያቂ ይሞላል። ቡና ይፈላል፤ «እንኳን እግዚአብሔር ማረህ» የማይል የለም። ጎረቤቱ፣ ዕድርተኛው፣ የሥራ ባልደረባው እየተቀባበለ ይገባል፣ ይወጣል። ማታ ጠያቂው ይሄዳል፣ መብራት ይጠፋል፣ ያን ጊዜ ሰውየው ጣራው ላይ አፍጥጦ የገዛ ልቡን ምት መቁጠር ይጀምራል። ደረቱን ቆንጠጥ ባደረገው ቁጥር «መጣ!» ይላል። በግራ ጎኑ መተኛት ይፈራል። ዐይኑ ከተከደነ ዳግመኛ እንዳይገለጥ ይሰጋል። ሲነጋ «እንዴት አደርክ?» ቢሉት ግን መልሱ አንድ ነው፤ «ደህና ነኝ፣ ተመስገን።»

ዛሬ የምጽፈው «ደህና ነኝ» እያሉ ሌሊቱን ብቻዎን ለሚታገሉት ለእርስዎ ነው። ሐዋሳ ይኑሩ፣ ይርጋለም ወይም ወንዶ ገነት፣ ከሁሉ አስቀድሜ የምነግርዎ የምሥራች አለኝ። ይህ ፍርሃት የወኔ ማነስ አይደለም። የእምነት ማነስም አይደለም። የሕመሙ አንድ ክፍል ነው፤ ሕመም ከሆነ ደግሞ መድኃኒት አለው።

የልብ ሐኪሞች ይህን በሚገባ ያውቁታል። ሃርት አታክ ካጋጠማቸው 5 ሰዎች አንዱን ያህል ከባድ ድባቴ ይይዘዋል፤ ቀለል ያለ ሐዘንና ጭንቀት የሚያገኛቸው ደግሞ ከዚያም ይበዛሉ። እ.ኤ.አ. በ1993 ካናዳ፣ ሞንትሪያል ውስጥ 222 ሕሙማንን የተከታተሉ ተመራማሪዎች፣ ሆስፒታል ተኝተው ሳለ ድባቴ የነበረባቸው ሰዎች በቀጣዮቹ 6 ወራት ለሞት የመጋለጥ ዕድላቸው ከሌሎቹ በእጅጉ ከፍ ብሎ አገኙት። በ2014 ደግሞ የአሜሪካ የልብ ማኅበር የባለሙያዎች ቡድን ድባቴ የልብ ሕሙማንን ማገገም ከሚጎዱ ነገሮች እንዲቆጠር መከረ። ይህን ያነሣሁት ሌላ ስጋት ልጨምርብዎ አይደለም። ለሐኪምዎ «እንቅልፍ አጣሁ፣ ሆዴን ባር ባር ይለኛል፣ ምንም ነገር አላስደስት አለኝ» ሲሉ ስለ ልብዎ እየነገሩት መሆኑን እንዲያውቁ ነው። ሐዘን የገባበት ሰው ክኒኑን ይረሳል፣ ከአልጋው መነሣት ያስጠላዋል፣ የተወውን ሲጋራ መልሶ ይለኩሳል። ልብና ስሜት በአንድ ቤት የሚኖሩ ናቸውና አንዱ ሲታመም ሌላውም አያርፍም።

የተጎዳው የልብ ጡንቻ ጠባሳ አበጅቶ እስኪጠነክር ከ6 እስከ 8 ሳምንት ያህል ይፈጅበታል። ስሜት ግን እንዲህ በሳምንት አይቆጠርለትም። አንዳንዱ ሰው በመጀመሪያው ወር ጀግና ሆኖ ይሰነብትና ሁሉም «ዳነ» ብሎ ከረሳው በኋላ በሦስተኛው ወር ይሰበራል። በአባቱ ቀብር ላይ ዕንባውን የዋጠ ጎልማሳ የቴሌቪዥን ድራማ ሲያይ ሆድ ይብሰዋል። ጨው የሌለው ወጥ ቀረበልኝ ብሎ ሚስቱን ይቆጣል፤ ተቆጥቶ ደግሞ ያዝናል። በዚህ ላይ የልብ ምትን ለማርገብ ከሚታዘዙት መድኃኒቶች አንዳንዶቹ ሰውነት እስኪለምዳቸው ጉልበት ያሳጣሉ። ሰውየው ግን የክኒኑን ድካም የልቡ ድካም ያደርገውና «በቃ፣ አለቀልኝ» ይላል። ክኒኑን በራስዎ ፈቃድ እንዳያቆሙ አደራ። ለሐኪሙ ይንገሩት፤ መጠኑን ሊያስተካክል ወይም ሊቀይርልዎ ይችላል።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ ለዚህ ሕመም ይህ ቃል ቃል በቃል እውነት ነው። በሲዳማ ሽማግሌዎች የአፊኒ ሥርዓት ጉዳይ ያለው ሰው ጉዳዩን አደባባይ አውጥቶ ይናገራል፣ ሌሎቹ ያዳምጡታል፣ ተመካክረውም መፍትሔ ይፈልጋሉ። ፍርሃትዎንም እንደዚያ ያውጡት። መጀመሪያ ለሚስትዎ ወይም ለባልዎ ይንገሩ። አጠገብዎ የተኛው ሰው ነቅቶ ትንፋሽዎን እያዳመጠ ሊሆን ይችላል፤ እርስዎ እሱን እንዳያስጨንቁ ዝም ይላሉ፣ እሱም እርስዎን እንዳያስፈራ ዝም ይላል፣ ሁለታችሁም ሳትተኙ ይነጋል። አንዳችሁ መናገር ብትጀምሩ ሌሊቱ በግማሽ ይቀልላል።

ቀጥሎ ለሐኪሙ። የመንግሥት ሆስፒታል ተመላላሽ ክፍል ወረፋው ረጅም፣ ሐኪሙ ፊት የሚቀመጡበት ደቂቃ አጭር መሆኑን አውቃለሁ። ስለዚህ በዋዜማው ቁራጭ ወረቀት ላይ ይጻፉት፤ በሌሊት ስንት ሰዓት እንደሚተኙ፣ ምን እንደሚያስፈራዎ፣ ሐዘኑ ከመቼ ጀምሮ እንደያዘዎት። ደስታ ማጣቱ፣ ተስፋ መቁረጡ፣ እንቅልፍ ማጣቱ ከ2 ሳምንት በላይ ከዘለቀ የአእምሮ ሕክምና ባለሙያ ማየት ያስፈልጋል። በሕይወት መኖር ትርጉም ካጣብዎት ደግሞ ቀጠሮ አይጠብቁ፤ ዛሬውኑ ሰው ይዘው ይሂዱ። የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ኮምፕርሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና አገልግሎት ይሰጣል፤ ልብዎን ካሳዩበት ግቢ ብዙም ሳይርቁ ስሜትዎንም ማሳየት ይችላሉ። መድኃኒቱን የሚፈሩ ከሆነ ይህን ይወቁ። ሰርትራሊን የተባለው የድባቴ መድኃኒት ለልብ ሕሙማን አስጊ አለመሆኑ በሃርት አታክ ሕሙማን ላይ ተፈትኖ እ.ኤ.አ. በ2002 ታትሟል። ሌሎች መድኃኒቶችም አሉ፤ ያለ መድኃኒት በንግግር ብቻ የሚሰጥ ሕክምናም አለ። የትኛው እንደሚስማማዎ የሚወስነው ሐኪሙ ነው፤ የእርስዎ ድርሻ መናገር ነው።

ስለ ደረት ውጋቱም ልንገርዎ፤ ሌሊት የሚያስነሣዎ እሱ ነውና። በጣት የሚጠቆም፣ ጎንዎን ሲያዞሩ ወይም በረጅሙ ሲተነፍሱ የሚብስ፣ ቅጽበት ቆይቶ የሚጠፋ ውጋት ብዙ ጊዜ የጡንቻ ነው። ደረትን አፍኖ የሚይዝ፣ እንደ ሸክም የሚጫን፣ ወደ ክንድ፣ ወደ መንጋጋ ወይም ወደ ጀርባ የሚሰራጭ፣ ላብና ትንፋሽ ማጠር ያለበት ከሆነ ግን አይጠራጠሩ። ሥራዎን አቁመው ይቀመጡ፤ ከምላስ ሥር የሚደረግ ክኒን ታዝዞልዎት ከሆነ ይውሰዱ፤ 5 ደቂቃ ቆይቶ ካልተሻለዎት ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ፣ ብቻዎን ግን መኪና አይንዱ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ስልክ 907 ነው፤ በትልቁ ጽፈው ግድግዳው ላይ ይለጥፉት። ምን እንደሚያደርግ አስቀድሞ ያወቀ ሰው ፍርሃቱ ልክ አለው። ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ መለየት ካቃተዎት ደግሞ ሳያፍሩ ይሂዱ፤ «ምንም የለብዎትም» ተብሎ መመለስ ውርደት አይደለም።

ጠያቂዎችንም አንድ ነገር ልለምን። ሕመምተኛ መጠየቅ ከባህሎቻችን ሁሉ የምወደው ነው፤ ሰው በሕመሙ ብቻውን አይቀርም። ነገር ግን የልብ ሕመምተኛ አልጋ አጠገብ ተቀምጦ «የእገሌም እንደዚሁ ነበር፤ ተሻለው ሲባል በሳምንቱ…» ብሎ መጀመር ሰውየውን ሁለተኛ መምታት ነው። ቡናውን ይጠጡ፣ ስለ ልጆቹ ትምህርት፣ ስለ ሐዋሳ ከተማ ቡድን ጨዋታ ያውሩት፤ ድካም ሲያዩበት ይነሡለት። ቤተሰብም እንዲሁ። «አትነሣ፣ አትንካ፣ እኔ አመጣልሃለሁ» ከፍቅር የመጣ ነው፤ ሲበዛ ግን ሕመምተኛውን «ከእንግዲህ ሰው አይደለሁም» ያሰኘዋል። አበባውን ውኃ ያጠጣ። ልጁን የቤት ሥራ ያስጠና። ገንዘቡን ይቁጠር። ሐኪሙ የፈቀደለትን ሥራ ቤተሰቡ አይከልክለው።

እንቅስቃሴን መፍራት ሐኪሞችም ለመተው ጊዜ የፈጀባቸው ነገር ነው። ከ70 ዓመት በፊት ሃርት አታክ የያዘው ሰው ለሳምንታት ጋደም ብሎ እንዲቆይ ይታዘዝ ነበር፤ መቀመጥ እንኳ ክልክል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1952 ሳሙኤል ሌቪን እና በርናርድ ላውን የተባሉ የቦስተን ሐኪሞች ሕሙማኑን ከአልጋ አውርደው ወንበር ላይ ማስቀመጥ እንደሚሻል በሥራቸው አሳዩ። በ1955 መስከረም ላይ ደግሞ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ዴንቨር ሳሉ ሃርት አታክ መታቸው። ፖል ደድሊ ዋይት የተባሉት የልብ ሐኪም ሕመማቸውን ለሕዝብ በግልጽ አስረዱ፤ ፕሬዚዳንቱም ደረጃ በደረጃ ወደ እንቅስቃሴና ወደ ሥራቸው እንዲመለሱ አበረታቱ። አይዘንሃወር በዓመቱ፣ በ1956፣ እንደገና ተመረጡ፤ ሁለተኛውንም ዘመን ሥልጣን ጨርሰው እስከ 1969 ኖሩ። በዚያ ዘመን የጠበበ የልብ ደም ሥርን ከፍቶ የሚይዘው ስቴንት የሚባል ነገር አልነበረም፤ ኮሌስትሮልን የሚቀንሱት የዛሬዎቹ መድኃኒቶችም አልነበሩም። እርስዎ ከእሳቸው የተሻለ ሕክምና ባለበት ዘመን ነው የታመሙት።

እንግዲህ ይነሡ፣ ከተማዎ እየጠበቀችዎ ነው። ሐዋሳ ለሚያገግም ሰው የታሰበች ትመስለኛለች። መንገዷ ሜዳ ነው፣ ዳገት አይበዛባትም፤ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ከአዲስ አበባ በ600 ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች፣ ትንፋሽ ላጠረው ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሐኪሙ ከፈቀደልዎ በመጀመሪያው ሳምንት ሰፈርዎ ውስጥ ለ5 ወይም ለ10 ደቂቃ፣ ጠዋትና ማታ ይራመዱ። በየሳምንቱ ጥቂት ደቂቃ ይጨምሩ። ልኩን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም፤ እየተራመዱ አብሮዎት ከሚሄደው ሰው ጋር መጨዋወት ከቻሉ ፍጥነቱ ትክክል ነው፤ ቃል መጨረስ ካቃተዎት ቀስ ይበሉ። ሆድ ሞልቶ አይሂዱ፤ ፀሐይዋ ሳትበረታ ይውጡ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ባጃጅ የሚያልፍበትን መንገድ ይምረጡ፤ ቢደክምዎ እጅዎን አንሥተው ወደ ቤት ይመለሳሉ። ይህን ማወቅ ብቻ እግርን ያበረታል።

እየጠነከሩ ሲሄዱ ከቅዱስ ገብርኤል ተነሥተው በዋናው አስፋልት ወደ ፍቅር ሐይቅ ይውረዱ። ዳርቻው ላይ ከጥላው ሥር ቁጭ ብለው ይረፉ። ሌላ ቀን በአሞራ ገደል በኩል፣ ዓሣ አጥማጆቹ ያመጡትን ሲዘረዝሩ፣ አባ ኮዳዎቹ ቁራጭ እንዲወረወርላቸው ቆመው ሲጠብቁ እያዩ ይለፉ። ጨው ያልበዛበት የዓሣ ሾርባ ቢያገኙም የተባረከ ነው። ታቦር ተራራን ዛሬ አይውጡት፤ ከታች ሆነው ያዩትና «ሐኪሜ ሲፈቅድ» ይበሉ። አብዛኛውን ቀን 30 ደቂቃ ሳያቋርጡ መራመድ የቻሉ ዕለት ልብዎን ያለ ንግግር አሳምነውታል። ፍርሃት በክርክር አይሸነፍም፤ ልብዎ ችሎ ሲያሳይዎት ግን መከራከሪያ ያጣል። የልብ ሕሙማን የተደራጀ ማገገሚያ ባለበት አገርም የሚደረገው በዋናነት ይኸው ነው፤ የተመጠነ እንቅስቃሴ፣ ትምህርትና የስሜት ድጋፍ። ይህን ያገኙ ሰዎች ሆስፒታል ተመልሰው የመተኛታቸው ዕድል ይቀንሳል።

ጫት ይቅሙ ከነበረ እሱንም በግልጽ እናንሣው። ጫት የልብ ምትን ያፈጥናል፣ የደም ግፊትን ይጨምራል፤ ሐኪሙ «ተው» ያለው ለዚህ ነው። የሚከብደው ግን ቅጠሉን መተው ብቻ አይደለም። ከሰዓት በኋላ አብረው የሚቀመጡት ጓደኞች፣ ጨዋታው፣ ሳቁ አብሮ ይቀራል፤ ሰውየው በአንድ ቀን ብቸኛ ይሆናል። ስለዚህ ከጓደኞቹ አንዱን ይምረጡና «በዘጠኝ ሰዓት ሐይቅ ዳር እንገናኝ» ይበሉት። አንድ እውነተኛ ጓደኛ አይጠፋም።

የእንጀራ ጉዳይ ደግሞ ከሁሉ ያማል። ሱቁ ተዘግቷል፣ መኪናው ቆሟል፣ ትናንት ቤተሰብ የሚያስተዳድር ሰው ዛሬ የመድኃኒት መግዣ ከልጁ ይቀበላል። እዚህ ላይ አበበ ቢቂላን ማሰብ ይጠቅመኛል። እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ፣ በ1964 ቶኪዮ ላይ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ስድስት ሳምንት ሳይሞላው ያሸነፈው አበበ በ1969 በመኪና አደጋ እግሮቹ ከዱት። ዓለም ያወቀው በእግሩ ነበር። እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ታከመ፤ በ1970 እዚያው በተዘጋጀው የአካል ጉዳተኞች ውድድር በቀስት ውርወራና በጠረጴዛ ቴኒስ ተሰለፈ፤ በ1971 ኖርዌይ ውስጥ በበረዶ ላይ ጋሪ ተወዳድሮ አሸነፈ። እግሩ አልተመለሰለትም። ተወዳዳሪነቱን ግን ማንም አልወሰደበትም። የእርስዎ ነገር ከዚያ ይቀልላል፤ ከሃርት አታክ የተረፉ አብዛኞቹ ሰዎች በሳምንታት ወይም በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ ሥራ ይመለሳሉ። ግማሽ ቀን ይጀምሩ። ጆንያ ይሸከሙ የነበረ ከሆነ ሸክሙን ለጎረምሳ ይስጡና ሒሳቡን ይያዙ። ልምድዎ ያለው ትከሻዎ ላይ አይደለም።

በባልና ሚስት መካከል የሚቀረውን ዝምታ ጋዜጣ ላይ ማንሣት ይከብዳል፤ ዝም ማለቱ ግን ትዳር ይጎዳል። ብዙዎች «በዚያው ብሞትስ» ብለው አልጋ ይለያሉ፤ ሚስት የተጠላች ይመስላታል፣ ባል የተናቀ ይመስለዋል። ሁለት ፎቅ ደረጃ ደረቱን ሳያመው፣ ትንፋሽ ሳያጥረው መውጣት የቻለ ሰው በአብዛኛው ለዚህም ጉልበት አለው። ሐኪሙን ይጠይቁ፤ ይህን ጥያቄ ሰምቶ የማያውቅ የልብ ሐኪም የለም። የወሲብ ብርታት የሚሰጡ ክኒኖችን ግን ከምላስ ሥር ከሚደረገው መድኃኒት ጋር መቀላቀል ለሕይወት ያሰጋልና ከመንገድ ገዝተው እንዳይሞክሩ።

እምነትዎ ትልቁ ምርኩዝዎ ነው፤ አጥብቀው ይያዙት። ጸበል የሚሄዱ ከሆነ መድኃኒቱን ይዘው ይሂዱ። የኤችአይቪ መድኃኒት ሲመጣ ተመሳሳይ ጥያቄ ተነሥቶ ነበር፤ የዚያን ጊዜው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጸበልና መድኃኒት አብረው እንደሚሄዱ ለምእመናን አስተምረዋል። በተለይ ስቴንት የገባለት ሰው ደም የሚያቀጥኑትን ክኒኖች ለጥቂት ቀን እንኳ ቢያቋርጥ አደጋው ብርቱ ነው። ጾም ሲደርስ ለንስሐ አባትዎ፣ ረመዳን ሲገባ ለኢማምዎ ሕመምዎን ይንገሩ፤ ሁለቱም ሃይማኖቶች ለታመመ ሰው ቦታ አላቸው።

ብዙዎችን ሌሊት የሚያንገበግባቸው ጸጸት ነው። «ሲጋራውን ቀደም ብዬ ብተወው፣ ግፊቴን ብለካ ኖሮ።» የፊቼ ጨምበላላ በዓል፣ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2015 በማይዳሰስ ባህላዊ ቅርስነት የመዘገበው የሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ የተጣሉ የሚታረቁበት ነው። አዲሱ ዓመት በቂም አይጀመርም። ከትናንቱ ራስዎ ጋርም እንደዚያ ይታረቁ። የበዓሉ ዕለት በማክበሪያው ቦታ በጉዱማሌ ከሕዝቡ ጋር ይገኙ፤ ቅቤ የበዛበት ቡሪሳሜ ሲቀርብ ለወጉ ይቅመሱና ይበቃዎታል፤ ከማዕዱ ግን አይሽሹ። ሕመምተኛን ከበዓል መለየት ለልቡ ጥቅም የለውም።

ክፉ ቀን ተመልሶ ሊመጣ ይችላል። ለሳምንት በደህና ተኝተው አንድ ሌሊት ፍርሃቱ ይመለስ ይሆናል፤ ሕመሙ የመታዎት ቀን በዓመቱ ሲዞር ሆድዎ ይባባ ይሆናል። ይህ ወደ ኋላ መመለስ አይደለምና አይደንግጡ፤ መብራቱን ያብሩ፣ አጠገብዎ ያለውን ሰው ይቀስቅሱ፣ ሲነጋ እግርዎን ያፍታቱ።

አሁን ወረቀትና እስክሪብቶ ይፈልጉ። ለማንም ያልነገሩትን ፍርሃት በሁለት መስመር ይጻፉት፤ ከቀጠሮ ካርድዎ ጋር ያስቀምጡት። ቀጠሮዎ ሲደርስ ሐኪሙ «እንዴት ነዎት?» ሲልዎ «ደህና ነኝ» ከማለትዎ በፊት ያንን ወረቀት ይስጡት።